የባለቁልፉ ደግነት

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው መክፈት ነበር። የሚከፍተው ሱቅ አይደለም፣ የግቢ በርም አይደለም። የተቆለፈ አካውንት ነበር የሚከፍተው።

ቆይ፣ አዜብ፣ አትቁነጥነጪ። «ጋሼ፣ ሰው በልቡ ቢቀና፣ በእጁ ግን ምንም ካላደረገ፣ ምን በደለ ይባላል?» ብለሽ የጠየቅሽኝ ራስሽ ነሽ። አስተማሪ ስለሆንሽ መልሱን በአንድ መስመር ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንድጽፍልሽ ትፈልጊያለሽ። እኔ ደግሞ እንዲያ አልችልበትም። ሻይሽን ጠጪና ስሚኝ።

ሰውየው የሚሠራው በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ነበር። የሆስፒታሉን ዳታቤዝ የሚጠብቀው እሱ ነው። ዳታቤዝ ምንድነው ካልሽኝ ሠንጠረዥ ነው፣ ብዙ ሠንጠረዥ። ባንዱ የበሽተኛው ስም፣ በሌላው የታዘዘለት መድኃኒት፣ በሌላው የደሙ ዓይነት፣ በሌላው የተኛበት አልጋ አለ። ሁሉንም የሚያዛምዳቸው የካርድ ቁጥሩ ነው፤ ቁጥሩን ከጠራሽ ሰውየው ከነሕመሙ ተሟልቶ ይመጣልሻል። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ለአላፊ አግዳሚው ክፍት አይተውም። ሐኪሙም፣ ነርሷም፣ መድኃኒት ቤት ያለውም ስማቸውንና ፓስወርዳቸውን አስገብተው ነው የሚገቡት። ፓስወርዱን ደጋግሞ የሳተ ሰው ካለ ዳታቤዙ «ይሄ ሌባ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ አካውንቱን ይቆልፍበታል። ከዚያ ወዲያ ትክክለኛውን ቢያስገባም አይሰማውም። ይሉኝታ የሚባል ነገር አያውቅም።

የተቆለፈውን የሚከፍት ሰውየው ብቻ ነበር። ሥራው አንድ መስመር ትእዛዝ ናት። የተቆለፈበትን ሰው ስም ይጽፋል፣ ክፈት ይላል፣ አለቀ። ዓይን ጨፍነው እስኪገልጡ እንኳ አይፈጅም። እሱ ግን እንዲህ በዋዛ አይከፍትም ነበር። በሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አስቀምጧል። የመጣውን ሁሉ «እስኪ ትንሽ አረፍ በሉ» ይላል፤ መነጽሩን ያወልቃል፣ ይወለውላል፣ ወደ ብርሃኑ አንሥቶ ያያል፣ እንደገና ይወለውላል። ኮሪደር ላይ ሲያልፍ ቀና ብሎ የማያየው ስፔሻሊስት ሐኪም ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ «ጋሼ፣ እባክዎ፣ በሽተኛ እየጠበቀኝ ነው» ሲለው፣ አቤት ደስ ሲለው! ስሙን ትተው «ባለቁልፉ» ይሉት ነበር። ይህችን መጠሪያ ከደሞዙ አብልጦ ይወዳታል። ክፉ ሰው ነበር እንዳትይኝ ብቻ። ለምነውት ያልከፈተላቸው ሰው የለም። እንዲለምኑት የሚወድ ሰው ነበር፣ እንዲህ ያለው ደግሞ በየቤቱ ሞልቷል።

አንድ ቀን ረዳት ተቀጠረችለት። ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣች፣ ቶሎ ቶሎ የምትራመድ፣ ስትናገር እጇ አብሮ የሚናገር ልጅ። የሙከራ ጊዜ ሰጧት። ጊዜው ሲያልቅ ሥራ አስኪያጁ ባለቁልፉን ጠይቆ ወይ ያስቀራታል ወይ ያሰናብታታል። ከልጅነቷ የተመኘችው ሥራ ነው፤ ይህ ካልሆነላት ወደ ትንሿ ከተማዋ ተመልሳ የአክስቷ ሱቅ ውስጥ መቆሟ ነው። ይህን ከማንም አልደበቀችም። በመጀመሪያው ቀን ለባለቁልፉም ነግራዋለች።

የመክፈት መብት ግን አልሰጣትም። «ትልመድ እስኪ» አለ። እሷም እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ተነሥታ በየክፍሉ እየዞረች «ለምንድነው ግን ቶሎ ቶሎ የሚቆለፍባችሁ?» ብላ ጠየቀች። ይህን ከዚያ በፊት የጠየቀ ሰው አልነበረም። ማዋለጃ ክፍል ገብታ ተረኞች ሲቀያየሩ ጥግ ላይ ቆማ አየች። የምትወጣዋ ነርስ ስሟን ኮምፒዩተሩ ላይ ትታ ትሄዳለች። የምትገባዋ ደግሞ ምጥ የያዛት ሴት እየጮኸችባት፣ ስሙን ሳታይ፣ በሌላዋ ስም ሥር የራሷን ፓስወርድ ትመታለች። ስሕተት። ትደግማለች። ስሕተት። በመጨረሻ የሚቆለፈው የማን ነው? ተኝታ ልታድር ቤቷ የሄደችው የዚያችኛዋ! የተሳሳተችው ሌላ፣ የተቆለፈባት ሌላ።

«እናንተዬ፣ መጀመሪያ ስሙን እዩ» አለቻቸው። እየሳቀች፣ እየቀለደች፣ ከክፍል ክፍል እየዞረች ይህንኑ ነገረቻቸው። ብዙም ሳይቆይ የሚቆለፍበት ሰው እየጠፋ መጣ። እሷም ደስታዋን ልታካፍለው ወደ ባለቁልፉ ሮጠች።

«ጋሼ፣ ያውቃሉ? ሰው በሌላ ሰው ስም ገብቶ ፓስወርድ ሲሳሳት እኮ የሚቆለፈው የባለስሙ ነው! ባለስሙ ምንም ሳያጠፋ!»

«ጎሽ፣ በርቺ» አላት፣ ከአንገት በላይ።

ከዚያ በኋላ በሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ባዶውን ይውል ጀመር። ነርሶቹ በሱ በር አልፈው ከክፍሉ ቀጥሎ ወዳለው የሷ ጠረጴዛ ይሄዳሉ። አንዷ ብስኩት ታመጣላታለች፣ አንዷ የልጇን ፎቶ ታሳያታለች። ያ ስፔሻሊስት ሐኪም ሳይቀር «የኛ ልጅ እንዴት አደርሽ» ይላታል፣ ቆሞ ያስቃታል። ባለቁልፉ ሳቃቸው እንዲሰማው በሩን ገርበብ አድርጎ ይተወዋል፤ ሲሰማው ደግሞ አንጀቱ ይቃጠልና ብድግ ብሎ ይዘጋዋል። ወዲያው ምን እያሉ ይሆን ብሎ መልሶ ይከፍተዋል። ወይ ጉድ፣ ሽማግሌ ሰው! «ይህን ሁሉ ዘመን ስከፍትላቸው ማን ነው አንዲት ብስኩት ያመጣልኝ?» ይላል ለራሱ። ቤቱ ሲገባ ሚስቱ «ምን ሆነሃል?» ትለዋለች። «ምን እሆናለሁ?» ይላታል። እራቱን ግን አይጨርስም።

አንድ ጠዋት ልጅቷ ሳትመጣ ቀድሞ ቢሮ ገባ። ሹራቧ ወንበሯ ላይ ተንጠልጥሏል። ተቀመጠ። «የነገረችኝ እውነት መሆኑን ላረጋግጥ ብዬ ነው» አለ ለራሱ። እንዲህ ያለ ነገር ሲሠሩ ለራስ የሚነገር ምክንያት አይጠፋም። የሷን ስም ጻፈ። ፓስወርዱ ጋ ደግሞ እጁ የመጣለትን ሁሉ መታ። ስሕተት። ደገመ። ስሕተት። አካውንቱ እስኪቆለፍ ድረስ መታው። ከዚያ ወንበሩን እንደነበረ አስተካክሎ ወደ ክፍሉ ሄደና መነጽሩን ይወለውል ጀመር።

በትእዛዝ ሊቆልፍባት ይችል ነበር፣ ለሱ ምንም አይደለም። ነገር ግን በትእዛዝ ቢቆልፈው ቆላፊው እሱ መሆኑ ይታወቃል። በስሟ ገብቶ፣ በገዛ ወንበሯ ተቀምጦ ሲሳሳትባት ግን ጥፋቱ የሷ ይመስላል።

ልጅቷ መጣች። ስትመታ ሰማት። እንደገና መታች። ከዚያ የጫማዋ ድምፅ ወደ በሩ መጣ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ… ተቆለፈብኝ።»

«ባንቺ?» አለ፣ ቅንድቡን ሰቅሎ። «በይ አይዞሽ። ያጋጥማል። አንቺም ሰው ነሽ።»

ወንበሩ ላይ አላስቀመጣትም። መነጽሩንም አልወለወለባትም። ወዲያው ከፈተላት። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አለች፣ አፍራ፣ ዓይኗን መሬት ጥላ። ያን ቀን ምሳውን ጥርግ አድርጎ በላ።

ተወው? አልተወውም። በየቀኑ ደግሞ አያደርገውም፣ ብልጥ ነዋ። ጥቂት ቀን ይተዋታል፤ «አሁንስ ተሻለኝ» ስትል ይቆልፍባታል። ቀስ በቀስ ወሬው ወጣ። «ለኛ ስሙን እዩ እያለች ታስተምረናለች፣ የራሷን ግን መያዝ አቃታት» ይሏት ጀመር። እንዲህ ሲሏት ባለቁልፉ ይቆጣቸዋል። «ተዉዋት እባካችሁ፣ ልጅ ናት፣ ብዙ ነገር ነው የምታስበው» ይላል። «እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው፣ ሥራውን ልትነጥቀው ለመጣችው ልጅ ሲቆረቆር» ይላሉ እነሱ። እኔን የምታበግነኝ ይህች ደግነቱ ናት። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

ልጅቷ ፓስወርዷን ቀየረች። የሚቀል አደረገችው። እሱም ሲቆለፍባት ደግማ ቀየረችው። አንድ ቀን የሰጣትን ወረቀት ልትቀበል እጇን ስትዘረጋ መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ነገር አየ። ፓስወርዷ ነው። ሰውን ሁሉ «የትም እንዳትጽፉት» እያለች ስትመክር የከረመችው ልጅ መዳፏ ላይ ጽፋዋለች! እንዳየባት ስታውቅ እጇን ጨበጠች፣ ፊቷ ፍም መሰለ። እዚህ ጋ ሰውየው ሆዱ ባባ። እውነቴን ነው፣ ባባ። «በቃኝ፣ ከዛሬ ጀምሮ ትቻታለሁ» አለ በልቡ። ግን ከሰዓት በኋላ ያ ስፔሻሊስት ሐኪም መጣና የሱን በር አልፎ፣ ወደ ውስጥ እንኳ ሳያይ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ልጅቷ ሄደ። «አይዞሽ የኛ ልጅ፣ እኔም እኮ እረሳለሁ» ሲላት ባለቁልፉ ሰማ። በማግስቱ ጠዋት ወንበሯ ላይ ተቀምጦ በስሟ ሲሳሳት ነበር።

የሙከራ ጊዜዋ አለቀ። ሥራ አስኪያጁ ሁለቱንም ጠራቸው።

«እንግዲህ ጋሼ፣ ከርስዎ የተሻለ የሚያውቃት የለም» አለ። «ትቅር? ከቀረችስ የመክፈት መብት ይሰጣት?»

ባለቁልፉ ጉሮሮውን ጠረገ። ልጅቷ ጎኑ ተቀምጣለች። ያን ዕለት ጠዋትም ቆልፎባት ነበር፣ አካውንቷ ገና አልተከፈተም።

«ጎበዝ ናት» አለ። «ግን ትረሳለች።»

ይህን ሲል እንደምትከራከረው አስቦ መልሱን አዘጋጅቶ ነበር። እንዲያውም ብትከራከረው ደስ ባለው። እሷ ግን ራሷን ነቀነቀች።

«እውነታቸውን ነው» አለች። «መጀመሪያ መጀመሪያ እኔ አልረሳሁም ብዬ ከራሴ ጋር ስሟገት ነበር። አሁን ራሴን አላምነውም። ጠዋት ከቤት ስወጣ በሬን መቆለፌን ተመልሼ አያለሁ፣ ትንሽ እሄድና ደግሞ እመለሳለሁ። እዚህ የሰው ደምና የሰው መድኃኒት ነው ያለው። እኔ ባልነካው ይሻላል። ጋሼ ግን አንድም ቀን ሳይቆጡኝ ነው የከፈቱልኝ፣ ይህን ሳልናገር አልሄድም።»

ሥራ አስኪያጁ አዘነ፤ ግን ራሷ ካለች ምን ይበል? አሰናበታት።

ባለቁልፉ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። አግዳሚው ወንበር ላይ ሰዎች ተቀምጠው ጠበቁት። ልጅቷ ሰሞኑን አንገቷን ስለደፋች በየክፍሉ የሚዞር አልነበረም፣ ነርሶቹም ወደ ድሮው ችኮላቸው ተመልሰዋል። ሲያዩት ብድግ አሉለት። «ባለቁልፉ መጡ፣ ባለቁልፉ መጡ» አሉ። የሚፈልገው ይህንኑ አልነበር? በር ላይ ቆሞ አያቸው፣ የልጅቷንም ባዶ ወንበር አየ። ዞሮ ወደ ደረጃው ሮጠ። ሲሮጥ ያዩት ሁሉ ሰው የሞተበት መስሏቸዋል።

ልጅቷን ከዋናው በር ውጭ አገኛት። ሹራቧን ክንዷ ላይ ጥላ ታክሲ ትጠብቃለች።

«እኔ ነበርኩ» አላት፣ እያለከለከ። «የምቆልፍብሽ እኔ ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት ቀድሜሽ እየገባሁ፣ አንቺ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ በስምሽ የማይሆን ነገር ስመታ ነበር። አንድም ቀን አልረሳሽም። ሰምተሻል? አንድም ቀን! ቀንቼ ነው። ቅናት ነው እንዲህ ያደረገኝ።»

ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ ፈገግ አለች።

«ጋሼ» አለችው። «እግዜር ያክብርልኝ። እኔን ለማጽናናት ብለው ራስዎን እንዲህ ያዋርዳሉ?»

«በልጆቼ እምላለሁ!»

«ይተዉ፣ ይተዉ፣ በኔ ምክንያት በልጆችዎ አይማሉ። እኔ የራሴን አውቃለሁ።» ጎንበስ ብላ ትከሻውን ሳመችው። ታክሲው መጣ፣ ገባች፣ ሄደች።

ከዚያስ ትይኛለሽ። ከዚያማ ተመልሶ አካውንቷን ከፈተው። ስሟን ጻፈ፣ ክፈት አለ፣ ተከፈተ፤ እንደወትሮው ጊዜ አልፈጀበትም። ቀጥሎ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብቶ ሁሉንም ተናገረ። ሥራ አስኪያጁ አመነው። የመክፈት መብቱን ነጠቀው፣ ለልጅቷም ወዲያው ስልክ ደወለላት፣ ነይ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም አላት። «ጋሼ ለምነውዎት ነው አይደል? አዝነውልኝ ነው። ደግ ሰው ናቸው» አለችው። ደጋግሞ ደወለላት። አልመጣችም። አሁን የአክስቷ ሱቅ ውስጥ ናት፤ ለደንበኛ የብር መልስ ከመስጠቷ በፊት ለአክስቷ ታሳያለች አሉ። ሰውየው ተቀጣ አልተቀጣ ለኔ ጉዳዬ አይደለም። ቅጣቱ ለሷ የሚፈይድላት ነገር የለም።

ይኸው ነው ታሪኩ። አሁን ወዳንቺ ልምጣ፣ አዜብ። መስኮቱን አትይ፣ እኔን እዪኝ።

«በእጄ ምንም አላደረግሁም» አልሽኝ። እሺ። ግን ቅድም ስታወሪኝ ሌላም ነገር አምልጦሻል። ርእሰ መምህሩ ስለዚያች አብራሽ ስለምታስተምረው ልጅ ሲጠይቅሽ «ጎበዝ ናት፣ ግን ተማሪ መቆጣጠር ይከብዳታል» ብለሽዋል። ለወላጅ ኮሚቴውም ይህንኑ ብለሻል። በሻይ ሰዓት ደግሞ ለመምህራኑ «ተዉዋት፣ ገና ልጅ ናት» እያልሽ ትከላከዪላታለሽ። ተማሪ መቆጣጠር ይከብዳታል እንዴ? አይከብዳትም! ልጆቹ ስሟን ሲሰሙ ቀጥ እንደሚሉ የነገርሽኝም አንቺ ነሽ፣ ያንገበገበሽም እሱ ነው። ታዲያ ምን እያደረግሽ ነው? በወንበሯ ተቀምጠሽ በስሟ እየተሳሳትሽ ነው። ዛሬ ርእሰ መምህሩ ጋ አንድ ጊዜ፣ ነገ ኮሚቴው ጋ አንድ ጊዜ፣ እነሱ በር እስኪዘጉባት ድረስ። ሰውየውም እኮ ከጣቱ በቀር ያንቀሳቀሰው ነገር የለም። አንቺ ምላስሽን አንቀሳቅሰሻል።

የሰውየው በደል መቆለፉ ብቻ እንዳይመስልሽ። አካውንቱንማ ከፍቶታል። ልጅቷ በራሷ ላይ የነበራትን እምነት ነው የቆለፈባት፣ ለሱ ደግሞ የሚከፍትበት ትእዛዝ አላገኘም። እውነቱን ሲነግራት እንኳ እውነቱ ደግነት ሆኖ ታያት።

እስኪ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያቺ ልጅ ሰላም ትልሻለች?

ምን አልሽ? አትልሽም? ስታይሽ ፊቷን ታዞራለች? ስምሽን ስትሰማ ትበሳጫለች?

እሰይ! እልል በይ! እንዲያውም ተሳልሜ ልምጣ! ልጅቷ ገና ጥፋቱ ያንቺ መሆኑን ታውቃለቻ። ገና ራሷን አልጠረጠረችም። ሄደሽ «የዋሸሁት እኔ ነኝ» ብትያት ትሰድብሽ ይሆናል እንጂ ታምንሻለች። ተነሺ በይ፣ ሻዩን ተይው፣ እኔ እጠጣዋለሁ። መጀመሪያ እሷ ጋ ሂጂ፣ ከዚያ ርእሰ መምህሩ ጋ፣ ከዚያ ኮሚቴው ጋ። አንገትሽን አቅፋ «ውሸትሽን ነው፣ አንቺ እኮ ደግ ነሽ» የምትልሽ ቀን ሳይመጣ ሂጂ።